ለሁሉም ክፍት የሆነ ፎልደር
ከኮምፒዩተር ማሻሻያ በኋላ ስለሚነሣው የፈቃድ ችግር የቀረበ አስተያየት

ማንኛውም የንግድ ቤት ከሸቀጡና ከገንዘቡ ቀጥሎ አጥብቆ የሚጠብቀው ሀብት መዝገቡ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ፣ እርሱን በአብዛኛው የተካው የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ግዴታ አድርገውበታል። ቀድሞ ይህ መዝገብ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ትልቅ ደብተር ነበር፤ ማታ ማታ በካዝና ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉም በባለቤቱ ኪስ ወይም በሒሳብ ሹሙ እጅ ይኖር ነበር። ዛሬ ግን በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ጥቂት ከፍ ባሉት የንግድ ቤቶች ዘንድ መዝገቡ ከደብተር ወጥቶ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ገንዘብ ያዡ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ጸሐፊዋና የመጋዘን ኃላፊው በየጠረጴዛቸው ሆነው በኔትወርክ ይከፍቱታል። ይህንኑ ኮምፒዩተር ሰርቨር፣ በውስጡ ያለውንም የጋራ ማኅደር ፎልደር እያልን እንጠራቸዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚሁ የጋራ ፎልደር ቁልፍ ለመናገር ነው። ጉዳዩ ለቴክኒክ ባለሙያ ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። እኔ ግን በበኩሌ የነጋዴው የራሱ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህም ምክንያት አያሌ የንግድ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሻሻል ተገደዱ። ማሻሻሉ ራሱ መልካም ነው፤ ጠጋኝ ያጣ ጣራ ውሎ አድሮ ማፍሰሱ አይቀርምና። ነገር ግን ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ገንዘብ ያዡ የዱቤ መዝገቡን ለመክፈት ቢሞክር ኮምፒዩተሩ እምቢ ይለዋል። የጽሕፈት ቤቱ ስካነር ደረሰኙን አንሥቶ ወደ ሰርቨሩ መላክ ያቅተዋል። ውጭ ድንች የጫነ አይሱዙ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ባለቤቱም ይቆጣል። ያን ጊዜ ባለሙያው በስልክ ይጠራና፣ ከሁሉ የቀለለውን መንገድ መርጦ የጋራውን ፎልደር ‹ኤቭሪዋን› ለሚባለው፣ ማለት ለማንኛውም ሰው፣ በ‹ፉል ኮንትሮል› ይከፍተዋል። ሥራው ወዲያው ይቀጥላል፤ ሁሉም ያመሰግናል። ጉዳቱ ግን የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ነው።

ለሁሉም መክፈት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በነጋዴ ቋንቋ ልግለጠው። የመጋዘኑ ቁልፍ ስለ ጠፋ በሩን ነቅሎ እንደ መጣል ያለ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ትናንት የተቀጠረው የሽያጭ ሠራተኛ የዕቃውን መግዣ ዋጋ ማንበብ ይችላል፤ የደመወዝ መዝገቡን ማየት ይችላል፤ የደንበኞችን የዱቤ ዝርዝር መለወጥ፣ ባይፈልግም እንኳ በስሕተት አንድ ጊዜ ነክቶ መሰረዝ ይችላል። ከኔትወርክ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ እንደ ተራው ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው ሳይገባ በቀጥታ መጥፋቱ የተለመደ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ሆኗል። አስመጪው የዕቃውን ወጪ ያሰላበት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በተፎካካሪ እጅ ቢገባ ወይም አንዲት አኃዝ ብትዛባበት የሚያደርስበትን ኪሳራ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከጃዊ በኩል ሰሊጥና አኩሪ አተር ሰብስቦ ለላኪ የሚያቀርበውም ነጋዴ የገዛበት ዋጋ ምስጢሩ ነው።

ከማሻሻያ በኋላ የሚፈጠር የቁጥጥር መላላት ትልልቆቹን ድርጅቶች እንኳ የሚፈትን መሆኑን በቅርብ ዘመን በገዛ አገራችን አይተነዋል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ቻሉ። ባንኩም ነገሩ ከውጭ በመጣ ጠላፊ የተሠራ ሳይሆን ከራሱ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጧል። በዚያች ሌሊት ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ማሻሻያ ሲደረግ ‹ይሠራል ወይ?› ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ‹መከልከል የሚገባውን ይከለክላል ወይ?› ተብሎም መመርመር አለበት። ባንክ ያን ያህል ከተፈተነ፣ አንድ ሰርቨርና አምስት ኮምፒዩተር ያለው የንግድ ቤት እንዴት ይዘናጋል?

አሁን ወደ ችግሩ ምንጭ እንግባ። እምቢ ያለው ኮምፒዩተር እምቢ ያለበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም ማወቅ የማይቻል አይደለም። በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው እምቢታው በአንድ ሰው ላይ ነው ወይስ በሁሉም ላይ የሚለው ነው። በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የሚፈለገው በዚያ ሰው ኮምፒዩተር፣ በተጠቃሚ ስሙ ወይም በይለፍ ቃሉ ነው። በሁሉም ላይ ከሆነ ግን በሰርቨሩ ወይም በኔትወርኩ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የእምቢታው ቃል ነው። ኮምፒዩተሩ ‹አልተገኘም› ቢል አንድ ነገር፣ ‹አልተፈቀደም› ቢል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መንገዱን ያጣ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ከበሩ ደርሶ ዘበኛ ያቆመው ሰው ነው። መንገዱን ላጣ ሰው የቤቱን በር ነቅሎ መጣል ምንም አይጠቅመውም። ብዙ ጊዜ ግን በአገራችን የሚደረገው ይኸው ነው።

መንገድ የሚጠፋበት ምክንያት በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ከማሻሻያው በኋላ ኮምፒዩተሩ የቢሮውን ኔትወርክ እንደ ሕዝብ አደባባይ፣ እነርሱ ‹ፐብሊክ› እንደሚሉት፣ አድርጎ ሲቆጥረውና በሩን ለሁሉም ሲዘጋ ነው። ይህ በቅንብሩ ውስጥ ‹ፕራይቬት› ወደሚለው ሲለወጥ የሚቃና ነው። ሁለተኛው፣ ያረጀ ማሽን ሲኖር ነው። ፋይል በኔትወርክ የሚመላለስበት ‹ኤስኤምቢ 1› የሚባል አሮጌ ቋንቋ አለ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ‹ዋናክራይ› የተባለው ቫይረስ በዚሁ በአሮጌው ቋንቋ ጉድለት ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ቤዛ ጠየቀ። ጉድለቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት በቸልተኝነት ወይም ባለማወቅ ያልጫኑት ናቸው። ከዚያ ወዲህ፣ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. በኋላ በወጡት እትሞች፣ ዊንዶውስ ሲጫን ያ ቋንቋ አብሮ አይገባም። እንግዲህ የጽሕፈት ቤታችሁ የቆየ ኮፒ ማሽንና ስካነር ከማሻሻያው በኋላ ዝም ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ባለሙያ አሮጌውን ቋንቋ መልሶ ይከፍትላችኋል። በእኔ አስተያየት ይህ ለአንድ ስካነር ሲባል መላውን ቤት ለሌባ መስጠት ነው፤ አዲስ ስካነር እስኪገዛ ድረስ የተነሣውን ሰነድ በፍላሽ ማውጣት ይሻላል።

‹አልተፈቀደም› ለሚለው እምቢታ ግን ምክንያቶቹ በዛ ይላሉ። ዋና ዋናዎቹን ብቻ ላመልክት።

አንደኛ፣ ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባት ተከልክሏል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትም፣ በንግድ ቤቶች ዘንድ በተለመደው ‹ፕሮ› በሚባለው ዓይነት፣ ስሙን ያልተናገረ እንግዳ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ፎልደር እንዲገባ በራሱ አይፈቅድም። ለብዙ ዓመት ያለ ይለፍ ቃል ሲሠሩ የኖሩ ቤቶች በአንድ ቀን የተዘጋባቸው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ እንግድነትን መመለስ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና ይለፍ ቃል መስጠት ነው።

ሁለተኛ፣ የጋራ ፎልደር ሁለት በር እንዳለው መታወቅ አለበት። አንደኛው የግቢው በር ነው፤ ይኸውም በኔትወርክ ለመጋራት የተሰጠው ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የመጋዘኑ በር ነው፤ ይኸውም በፎልደሩ በራሱ ላይ የተጻፈው ፈቃድ ነው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ከሁለቱም የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። አንዱ በር ‹ጻፍ› ቢል ሌላው ‹አንብብ ብቻ› ቢል፣ ሰውዬው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። አንዱን በር ብቻ አይቶ ‹እኔ ፈቅጃለሁ› የሚል ባለሙያ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ሦስተኛ፣ ሰርቨሩ ተሻሽሎ ሳይሆን ከሥር ተደምስሶ እንደ ገና የተጫነ ከሆነ፣ በፈቃዱ ዝርዝር ውስጥ በሰው ስም ፈንታ ‹ኤስ-1-5-21› ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይታያል። ማሽኑ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው። ገንዘብ ያዡ ዛሬ በዚያው በቀድሞ ስሙ ቢመዘገብ እንኳ ለማሽኑ ሞክሼ እንጂ ያው ሰው አይደለም። ስለዚህ አዲሱ ስም በዝርዝሩ ላይ እንደ ገና መጻፍ፣ ባለቤት ያጣው ቁጥርም መነሣት አለበት።

አራተኛ፣ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ የተዛወረ ፋይል የቀድሞ ፈቃዱን ተሸክሞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በአንዱ ዲስክ ውስጥ ሲዛወር አሮጌውን ፈቃድ ይዞ ይቀራል፤ ሲገለበጥ ግን የአዲሱን ቤት ሕግ ይቀበላል። በአንድ ፎልደር ውስጥ አሥር ፋይል ተከፍቶ ሁለቱ እምቢ ቢሉ መመርመር ያለበት ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ሠራተኛው በአዲስ ቡድን ውስጥ ከተጨመረ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ ተመልሶ ካልገባ አዲሱ ፈቃድ አይደርሰውም። ይህች ትንሽ ነገር ስንት ሰዓት እንዳባከነች የሚያውቅ ያውቃል።

ስለ ፒችትሪም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። ይህ የሒሳብ ፕሮግራም ባለቤቱ ኩባንያ ስሙን ‹ሴጅ 50› ብሎ ከለወጠው ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ በአገራችን ነጋዴ ዘንድ ዛሬም በጥንት ስሙ ይጠራል። ፒችትሪ በኔትወርክ ሲሠራ የኩባንያው መረጃ ያለበትን ፎልደር ተጠቃሚው ሁሉ መጻፍ እንዲችል ይፈልጋል። ባለሙያዎችም ይህን ምክንያት አድርገው ሰርቨሩን በሙሉ ይከፍቱታል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ለራሱ ፎልደርና ለራሱ ተጠቃሚዎች ብቻ ነው። የደመወዝ ዝርዝር፣ ውል፣ የባንክ ደብዳቤና የዋጋ ስሌት በሌላ ፎልደር ሊቀመጡ ይገባል። ደግሞም በፒችትሪ ውስጥ ያለው የይለፍ ቃል ፕሮግራሙን ከፍቶ የሚገባውን ሰው ያግዳል እንጂ፣ ፎልደሩን ከውጭ የሚሰርዘውን ሰው አያግድም።

አሁን ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡትን ቃል እንመልከት። የመጀመሪያው ከባለቤቶች የሚሰማ ነው፤ ‹እነዚህ ልጆች የወንድሜና የእኅቴ ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ ምን እደብቃለሁ?› ይላሉ። የቤተ ሰብ መተማመን የአገራችን ንግድ ምሰሶ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ፈቃድን መለየት ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ እንዲያውም ታማኙን ሠራተኛ ከሐሜት የሚጠብቀው እርሱ ነው። በአንድ የማውቀው የንግድ ቤት ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ ይለፍ ቃል ሲገቡ ኖረው የዱቤ ዝርዝሩ አንድ ቀን ተበላሽቶ ተገኘ። ማን እንደ ነካው የሚናገር ምልክት ስላልነበረ፣ አራት ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ተያይተው ለወራት ተኳረፉ፤ አንዲቱም ሥራውን ትታ ሄደች። ለእያንዳንዱ የራሱ ስም ተሰጥቶትና ሰርቨሩም የገቢና የወጪ መዝገብ እንዲይዝ ታዝዞ ቢሆን ኖሮ ንጹሑ በንጽሕናው ይታወቅ ነበር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላልና፣ አደራውን የምንሰጠው ሰው የሚጠየቅበት ልክ ሊለይለት ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ‹መኪና ቆሞ ማን ምክንያት ይመረምራል?› የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለነጋዴ ጊዜ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። መኪናው እስኪሄድ ድረስ የሚያስፈልገውን አንድ ወረቀት ከሰርቨሩ ላይ አትሞ መስጠት ይቻላል፤ የዕለቱን ሽያጭ በእጅ ደረሰኝ ይዞ ማታ መመዝገብ ይቻላል። ለአንድ ሰዓት ችግር የዓመት በር አይከፈትም።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ ‹ሰርቨር ለምን አስፈለገ? ሁሉንም በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አይሻልምን?› ይላሉ። ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይሻል ይሆናል። በእኛ አካባቢ ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን የረሳ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ወራት ሥራው ያልቆመበት መዝገቡ በገዛ ቤቱ የነበረው ነው። ስለዚህ በቤት ያለው ሰርቨር ለአዊ ነጋዴ ቅንጦት አይደለም፤ ተጨማሪ ቅጂ በኢንተርኔት ማኖሩም መልካም ነው።

በሌላ በኩል ያለ ልክ ማጥበቅም ጉዳት መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። የመጋዘን ኃላፊው የዕቃውን ቁጥር ለማየት በሰዓቱ ሁሉ ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ የሚመላለስ ከሆነ፣ ጸሐፊዋ በመጨረሻ የራሷን ይለፍ ቃል ነግራው ትገላገላለች። ያን ጊዜ ጥበቃው ከነስሙ ፈረሰ። መለኪያው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ያግኝ፤ ከዚያ አይጉደልበት፣ ከዚያም አይትረፍለት።

ሕጉም ይህንኑ ያግዛል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። ነገር ግን ነጋዴው ራሱ ለሁሉም በከፈተው ፎልደር ውስጥ የገባውን ሰው ያለ ፈቃድ ገባ ብሎ መክሰስ እንዴት ይቀለዋል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዝዛል። የዱቤ ደንበኞቻችን ስም፣ ስልክና የዕዳቸው ልክ በእጃችን ያለ አደራ ነው።

እንግዲህ ለነጋዴዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከማሻሻያ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሠራተኞች ስም በአንድ በኩል፣ የፎልደሮች ስም በሌላ በኩል ይጻፍ፤ ማን ያነባል፣ ማን ይጽፋል፣ ማንስ ጨርሶ አይገባም የሚለው በባለቤቱ ፊርማ ይጽና። ይህን የሚወስነው ባለሙያው ሳይሆን ባለቤቱ ነው፤ ባለሙያው የተወሰነውን ይፈጽማል። ወረቀቱም እንደ ሌላው ውል በካዝና ይቀመጥ። የመረጃው ሙሉ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ በሆነ ዲስክ ላይ ይያዝ፤ መከፈቱም ይሞከር። ማሻሻያው በገበያ ቀን ዋዜማ አይደረግ። ከተፈጸመም በኋላ ባለሙያው ገንዘቡን ከመቀበሉ አስቀድሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየራሱ ስም ገብቶ ሁለት ነገር ይሞክር፤ የተፈቀደለት ይከፈትለት እንደ ሆነ፣ የተከለከለውም ይከለከል እንደ ሆነ። ሠራተኛ ከሥራ ሲሰናበትም ቁልፉን እንደሚያስረክብ ሁሉ ስሙ በዚያው ቀን ከሰርቨሩ ይዘጋ።

ለምክር ቤታችንም አንድ ልመና አለኝ። ይህን የፈቃድ ወረቀት በአንድ ዓይነት ቅጽ አሳትሞ ለአባሎቹ ቢያድል ወጪው እጅግ ጥቂት ነው። ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና በዞኑ ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር ተነጋግሮ ለጸሐፊዎችና ለሒሳብ ሠራተኞች የሁለት ቀን ትምህርት ቢያሰጥ ደግሞ፣ የንግድ ቤቶቻችን ለእያንዳንዱ እምቢታ ከባሕር ዳር ባለሙያ ከመጥራት ይድኑ ነበር። ትምህርቱን የሚሹት በየቤቱ ያሉ አንድ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጥቅሙ ግን የሁሉም ነው።

የተከበራችሁ ነጋዴዎች፣ ኮምፒዩተር እምቢ ሲል ቁጣ አያስፈልግም፤ እምቢታው አንዳንድ ጊዜ ከዘበኛ ሁሉ የሚሻል ዘበኛ ነው። ማንን እንዳገደና ስለ ምን እንዳገደ ጠይቁት፤ የሚገባውን ሰው በስሙ አስገቡት፤ በሩን ግን በቦታው ተዉት።